በአርሲና በባሌ የጉሮሮ ካንሰር ለምን በዛ?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት አርሲ ነው። አባቴና አጎቴ በጉሮሮ ካንሰር ሞተዋል፤ በአካባቢያችንም ብዙ ሰው በዚሁ በሽታ አልቋል። በዘር ይተላለፋል? ውሃው ነው የሚሉም አሉ። እኔና ልጆቼ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናናዎት። ብዙ ጊዜ የጉሮሮ ካንሰር የሚባለው ምግብ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ቧንቧ ካንሰር ነው። የታዘቡት ትክክል ነው፤ አዲስ አበባ ለሕክምና ከሚመጡት የዚህ በሽታ ታማሚዎች መካከል የአርሲና የባሌ ሰዎች ቁጥር ጎልቶ ይታያል። በሽታው ከኢትዮጵያ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቅ ቀጠና ይበዛል፤ በምዕራብ አፍሪካ ግን እምብዛም አይታይም።

ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሲታመም ዘር ነው ማለት ይቀናል። ዘር ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ጭስ ይተነፍሳል፣ ከአንድ ገበታም ይበላል። ወደ ሃዋይ በፈለሱ ጃፓናውያን ላይ የጨጓራ ካንሰር ከትውልድ ትውልድ ሲቀንስ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ጨምሯል። የተለወጠው ኑሯቸው እንጂ ዘራቸው አይደለም።

እኔ አስቀድሜ የማነሳው የምግብና የመጠጥ ትኩሳትን ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚታሰቡት ምድብ አስገብቶታል። ችግሩ ሙቀቱ እንጂ ቡናው ወይም ሻዩ አይደለም። በኢራን ጎለስታን 50 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሻይ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሞቀ የሚጠጡት፣ በመጠኑም በሙቀቱም ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በ90 በመቶ ገደማ ለበሽታው የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የቧንቧው ሽፋን በየቀኑ ሲቃጠል ሴሎቹ ያለ ዕረፍት ይባዛሉ፤ የጭስና የትምባሆ መርዝም በቀላሉ ይዘልቀዋል።

ገንፎ ከሻይ ይልቅ ያታልላል። ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ይፋጃል፤ መሃሉ ላይ ያለው ቅቤ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከዳር ይጀምሩ፣ በማንኪያ ስስ አድርገው ዘርግተው ያብርዱት፤ ለልጆችም በተለየ ሳህን ያውጡላቸው። ቡና ከተቀዳ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ በትልቅ ብርጭቆ የተቀዳ ሻይ ደግሞ ከዚያም በላይ። እፍ ሳይሉ ፉት ማለት ካልቻሉ ገና ነው።

የማገዶና የኩበት ጭስ በትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች አሉበት። ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ ከበሩ ትይዩ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጭስ የሚወጣበት መስኮት ይከፈት። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ሕፃን አዝለው እሳት አያንድዱ። ሲጋራና አረቄ አደጋውን ይጨምራሉ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ይቀንሱታል። ስለ ውሃው፣ በስምጥ ሸለቆ ያለው ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል፤ ይህን ካንሰር ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም።

ቧንቧው ስለሚለጠጥ ዕጢው ካላደገ አይታወቅም። መጀመሪያ እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋ ደረት ላይ ይያዛሉ፤ በኋላ ገንፎም ውሃም አልወርድ ይላል፣ ሰውነት ይከሳል። ብዙ ሰው ይህን ጨጓራ ነው ብሎ ለወራት መድኃኒት ይውጣል፤ የሚያሳዝነው ጊዜው የሚያልፈው ያኔ ነው። በዚህ ቀጠና በሽታው ወጣቶችንም ስለሚይዝ «ዕድሜዬ ገና ነው» አይበሉ። ምግብ ከ2 ሳምንት በላይ እየተያዘ ካስቸገረዎት ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የቧንቧውን ውስጥ የሚያይ ምርመራ) ያለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ የአባትዎንና የአጎትዎን ሕመም ለሐኪሙ ይንገሩ። ለምርመራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። ቁስል ከታየ ናሙና ወደ ፓቶሎጂ (ካንሰር መሆኑ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ላቦራቶሪ) መላኩን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ውጤቱንም ራስዎ ተከታትለው ይውሰዱ።