መኪናው ይሂድ፣ ካርዱ ይድረቅ

በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ አግኝታኝ ስለ ትንንሾቹ ማሽኖች አጫወተችኝ። በባትሪ የሚሠሩ፣ በሻንጣ የሚያዙ፣ የጀርሙን ዘረመል አባዝተው በሽታውን የሚለዩ ናቸው። «ከእንግዲህ እኮ ሥራው ሁሉ የማሽኑ ነው» አለችኝ። ደስታዋ እኔንም ደስ አሰኘኝ። ንግግሯ ግን ሲከነክነኝ አደረ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር ቲቢን የምንፈልገው አክታ ስላይድ ላይ ቀብተን፣ ቀለም አልብሰን፣ አንገታችን እስኪደነዝዝ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ጂን ኤክስፐርት ሥራ ላይ እንዲውል መከረ። ማሽኑ እኛም ዘንድ ሲደርስ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጀርሙ መኖሩንም፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱንም ይነግረን ጀመር። ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሽኑ የሚያውቀው የሰጣችሁትን ብቻ ነው። ምራቅ ከሰጣችሁት ምራቁን መርምሮ «የለም» ይላል። በሽተኛው ያን ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹ አጠገብ ይተኛል።

ስለዚህ አክታ ስትቀበሉ አትቸኩሉ። ዕቃውን አቀብሎ «አክታ ይዘው ይምጡ» ማለት ሥራ አይደለም። ሰው ፊት አክ ማለትና መትፋት ለብዙ ሰው ነውር ነው። በተለይ እናቶች ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትንሽ ምራቅ ጠብ አድርገው ይመለሳሉ። ከግቢው ዳር፣ ነፋስ ወዳለበት፣ ሰው ወደማያይበት ውሰዷቸው። አፋቸውን በውሃ ይጉመጥመጡ። ሁለት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ፤ ከዚያ ከደረት ይሳሉ። እናንተም በረጅሙ ተንፍሳችሁ አሳዩአቸው። ሲመለሱ ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ወፍራምና የሚዝለገለግ ከሆነ አክታ ነው። እንደ ውሃ ከቀጠነ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ካለበት «እማማ፣ እንደገና እንሞክር» በሏቸው። አክብራችሁ ከነገራችኋቸው አይቀየሙም።

ከዚያ በኋላ ያለው መመሪያው ላይ አለ። አክታውን የሚያሟሟው ፈሳሽ የአክታው እጥፍ ይሁን። በደንብ ናጡት። በክፍሉ ሙቀት 15 ደቂቃ ይቆይ፤ መሐል ላይ መናጡን አንዴ ድገሙት። ሰልፉ ሲረዝም ያቺን 15 ደቂቃ ወደ 7 የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ። አክታው ሳይሟሟ ካርትሪጁ፣ ማለትም ናሙናውን ይዞ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ዕቃ፣ ውስጥ ይገባና ማሽኑ ኤረር ይላል። ካርትሪጁም ባከነ፣ ጊዜውም ሄደ፣ ሰልፉም አላጠረ።

የደም ናሙና ላይ የቲዩቡን ክዳን ቀለም ልብ በሉ። ለዘረመል ምርመራ የተለመደው ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ነው። አረንጓዴው ውስጥ ያለው ሄፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር የማባዛቱን ሥራ ያግዳል። ደሙን ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡ እንጂ እንደ ቅል አትናጡት። ሴሎቹ ከፈነዱ የሚወጣው ቀይ ነገር ራሱ ማሽኑን ያሰናክለዋል። ጓንትም ቀይሩ። ማባዛት ማለት አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ መሄድ ነው። 30 ጊዜ እጥፍ ከሆነ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። ካለፈው በሽተኛ ጓንታችሁ ላይ የቀረች ጠብታ ቀጥሎ የመጣውን ጤነኛ ሰው በሽተኛ ልታደርገው ትችላለች።

የአገራችን አቀማመጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ ከ28 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ትታችሁት ምሳ ብትበሉ አበቃለት። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በኅዳር ውርጭ ቲዩብ መስኮት ሥር አታሳድሩ። የበረደ ደም ችግር የለውም፤ የረጋ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል።

ስምም አለ። በእኛ አገር በአንድ ቀን ሁለት ተመሳሳይ ስም፣ የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሰዎች ይመጣሉ። የአያት ስም ጠይቁ። «እርስዎ እገሌ ነዎት?» አትበሉ፤ የደከመው ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «ስምዎት ማን ይባላል?» በሉ። መለያውን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ጎን ላይ ለጥፉ። ክዳን ይቀያየራል።

አሁን እኔው ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ክረምት ነው፣ ጉም ከወረደበት የደጋ ጤና ጣቢያ ነኝ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ የ6 ሳምንት ሕፃናት መጥተዋል። ተራው ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ልጁ ደም ውስጥ ስላለ አይለይም፤ የቫይረሱን ዘረመል መፈለግ ግድ ነው። ቫይረሱ ያለባቸው ሕፃናት ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ተረከዛቸውን ወግቼ ደሙ ደርቆ የሚላክበትን የወረቀት ካርድ ክቦች ሞላሁ። ካርዱ ጥላ ውስጥ፣ ሳይነካካ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት መድረቅ ነበረበት፤ በዚያ ጉም ደግሞ ሌሊቱን ማደር። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። እኔም ገና የረጠበውን ካርድ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ ሰጠሁት።

ከሳምንታት በኋላ ሻግቷል ተብሎ ተመለሰ። እናቶቹን መልሰን ጠራን። አንዷ ከሩቅ በእግሯ መጣች። ልጇን ስወጋው አንገቱን ደግፋ ይዛ፣ «የመጀመሪያው ደሙ የት ደረሰ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት እቴ፣ ሳይደርቅ አሸግሁት» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና ሕፃኑን አዝላ ወጣች።

ያን ቀን ሾፌሩ መጥቶ ክላክስ ሲያደርግ «ሂድ፣ ለሚቀጥለው ይደርሳል» አልኩት። ካርዶቹን መደርደሪያው ላይ ለየብቻ ዘርግቼ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። ጠዋት ስከፍተው አምስቱም ክብ ቀይነቱ ጠፍቶ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ ነበር። እርጥበት መጣጩን ከረጢት ከውስጥ አድርጌ ያን ጊዜ አሸግሁት።