መልስ፦ ለሳይንስ ሙዚየም ምሥረታ የተመራማሪው ድርሻ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብረ ብርሃን ላይ የሳይንስ ሙዚየም ቢታሰብ የተመራማሪው ድርሻ ከማማከር ያልፋል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ እጅግ ያልፋል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን የሳይንስ ሙዚየም የመሠረቱት ፍራንክ ኦፐንሃይመር የፊዚክስ ተመራማሪ ነበሩ፤ በ1949 በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ከተለዩ በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት ሲያረቡ ቆይተው፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ፤ ተማሪዎቻቸውንም ቁርጥራጭ ብረት ወደሚጣልበት ቦታ ወስደው በተገኘው ዕቃ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ሙዚየሙንም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1985 ድረስ፣ በዚሁ መንፈስ መሩት። ጎብኚው ዕቃውን በእጁ ይነካል፣ ያንቀሳቅሳል፤ ዕቃዎቹ የሚሠሩበት ወርክሾፕ እንኳ ከጎብኚ ዓይን አልተሰወረም። አስረጂ ሆነው የሚቀጠሩትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለሰሜን ሸዋ ልጆች ከሁሉ በላይ የምመኘው ይህንን ነው።

ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ውኃ እዚያ በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል። ማንቆርቆሪያና ቴርሞሜትር ይዞ ይህን ለልጆች የሚያሳይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከተገኘ፣ ሕንፃ ሳይጠበቅ ሥራው ሊጀመር ይችላል።