ቶምካት ማጥፋትና ማስነሳት ለሰለቻት እህት

እህቴ፣ «አንድ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ቶምካትን (የጃቫ ዌብ ሰርቨሩን) አጥፍቼ ማስነሳት ሰለቸኝ፤ የተቀየረው ክላስ በራሱ እንዲጫን ምን ላድርግ?» ብለሻል። «ሪሎደብልን ትሩ አድርጊውና ተገላገይ» የሚልሽ አይጠፋም፤ ሪሎደብል በአፕሊኬሽኑ የኮንቴክስት (የቅንብር) ፋይል ውስጥ የሚጻፍ፣ ክላስ ሲቀየር ቶምካት ራሱ እንዲጭን የሚያዝ ቅንብር ነው። እኔ አሳሬን ያየሁበት ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

1. ሪሎደብል ይሠራል፤ ግን የሚቀይረው አንዷን ክላስ ብቻ አይደለም። ቶምካት ክላሶቹንና ጃሮቹን (የታሸጉትን የክላስ ጥቅሎች) በየ10 ሰከንዱ እየቃኘ ለውጥ ካየ መላውን አፕሊኬሽን አውርዶ በአዲስ ክላስሎደር (ክላሶችን ሜሞሪ ላይ በሚጭነው ክፍል) ይጭነዋል። አፕሊኬሽንሽ ከባድ ከሆነ ያው መጠበቅሽ አይቀርም።

2. ሪሎደብል ከላፕቶፕሽ እንዳይወጣ! በጃቫ 7 ጊዜ ለአንድ የቁጠባ ድርጅት ሲስተም ስናስገባ የኮንቴክስት ፋይሉን ከነሪሎደብሉ ከማሽኔ ገልብጬ ሰርቨራቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወር መጨረሻ ላይ የወለድ ስሌቱ ስህተት ወጣበት። አምስት ክላስ ምን አላት ብዬ፣ ሙሉውን ዋር (አፕሊኬሽኑ የሚታሸግበትን ፋይል) ሳልሠራ፣ በዚያ በሚንቀራፈፍ ኔትወርክ አንድ በአንድ መገልበጥ ያዝኩ። ሁለተኛው ላይ እያለሁ ቶምካት ቀደመኝ፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ተጫነ። ሎጉ በ«ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» (የተጠራው ሜተድ የለም) ተጥለቀለቀ። እንደገና ገለበጥኩ፣ እንደገና ጫነ። በመጨረሻ ፐርምጄን (ጃቫ የክላሶችን መረጃ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) አለቀና ሰርቨሩ ቀጥ አለ። ለካ የገዛ ታይመሬ ነው፦ አፕሊኬሽኑ ሲወርድ ከጀርባ የሚሮጠውን ትሬዱን ስለማላቆመው አሮጌውን ክላስሎደር ጨምድዶ ይዞታል። (ጃቫ 8 ፐርምጄንን በሜታስፔስ ተክቶታል፤ እንዲህ ያለ ትሬድ ካለሽ ግን ዛሬም ሜሞሪ ይበላል።)

የአይቲ ኃላፊው ሰርቨር ክፍል አላስገባም ብሎ ኮሪደር ላይ ገተረኝ። «ይሄን ልጅ ማን ነው የላከው?» ሲል በበሩ ይሰማኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም፤ ወንበር መከልከል ግን ምን ይባላል? ሙሉውን ዋር ሠርቼ፣ ሪሎደብሉን አጥፍቼ፣ ታይመሩን አስተካክዬ በዚያው ሌሊት አስነሣሁት። አመሰግናለሁ ያለኝ ዘበኛው ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ያንቺ አፕሊኬሽን በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ ፍሬምወርክ) የተሠራ ነው ብዬ ልውሰድ፤ ዴቭቱልስን (የራሱን የስፕሪንግ ቡትን የዴቨሎፐር መሣሪያ) ጨምሪ። የማይቀየሩትን ጃሮች በአንድ ክላስሎደር ትቶ ያንቺን ኮድ ብቻ በሌላ ስለሚጭን በጣም ይፈጥናል። አፕሊኬሽኑ በጃር ታሽጎ ሲነሣ ደግሞ ዴቭቱልስ ራሱ ይጠፋል፤ ይህን ያሰበውን ሰው እግዜር ይስጠው። «አይሠራም» የሚሉት አብዛኞቹ ኢንቴሊጄ (የኮድ መጻፊያው) ላይ ሴቭ አድርገው የሚጠብቁ ናቸው፤ እኔም ሁለት ቀን አባክኛለሁ። ዴቭቱልስ የሚያየው ኮምፓይል የሆነውን ክላስ ነው፤ ስለዚህ ኮንትሮል ኤፍ 9 ተጫኚ። ኢክሊፕስ ሴቭ ስታደርጊ ራሱ ኮምፓይል ያደርግልሻል።

የሜተድ ውስጡን ብቻ ከሆነ የቀየርሽው፣ በዲበግ አስነሥተሽ ሆትስዋፕ (ሳታጠፊ ኮዱን መተካት) ይበቃሻል። አዲስ ሜተድ ወይም ፊልድ ከጨመርሽ ግን ተራው ጃቫ እምቢ ይልሻል፤ ያኔ የጄትብሬይንስን ጃቫ ከሆትስዋፕ ኤጀንት ጋር ሞክሪ፣ ነፃ ነው። ኤረር ካመጣብሽ ሎጉን ሙሉውን ለጥፊው፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይደለም።