መስፍ የለኝም፤ ከቁራሌው ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። ቀን ቀን ብየዳ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታና እሁድ ግን ግቢያችን ጥግ ላይ ብረት አግዬ የመቀጥቀጥ ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ። ሐሳቤ ቢላዋ፣ ዶማና የበር ጌጣጌጥ መሥራት ነው። አዲስ ዕቃ የመግዛት አቅም የለኝም። የጋለ ብረት አስቀምጬ የምቀጠቅጥበት መስፍም ፈልጌ አጣሁ። ቁራሌዎች ጋ ብረት ሞልቷል፤ የትኛው እንደሚሆነኝ ግን አላውቅም። ምን ልግዛ? ምንስ ልተው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ሥራ አዳማን የሚያህል ከተማ ብዙ የለም። የጅቡቲው መንገድ ከባድ መኪና ያለማቋረጥ ያመላልሳል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርባችሁ ነው። መኪና በበዛበት ጋራዥ ይበዛል። ጋራዥ በበዛበት ደግሞ የተሰበረ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከመው የመኪና ስፕሪንግ ሉህ)፣ ያለቀ ታምቡር (የፍሬን ክብ ቤት)ና የተጣመመ አክስል ይከመራል። ስለዚህ ችግርህ የብረት እጥረት አይደለም፤ አመራረጡ ነው።

ክምሩ ፊት ስትቆም አንድ ነገር ጠይቅ። ይህ ብረት እዚህ ከመድረሱ በፊት ምን ሲሠራ ነበር? ጠባዩን የሚነግርህ የቀድሞ ሥራው ነው። ጭነት ተሸክሞ ሲለጠጥና ሲመለስ የኖረ ብረት በቂ ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ይጠነክራል። አጥርና የመስኮት ፍርግርግ የነበረ ብረት ለስላሳ ነው። እንደፈለግክ ይታጠፍልሃል፤ ስለት ግን አይዝም። ታሪኩ የማይታወቅ ብረት ለመንጠቆና ለመስቀያ ይሁን እንጂ ለቢላዋ አይሁን።

በመስፍ እንጀምር። ያ ባለ ቀንዱ የፋብሪካ መስፍ እኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እሱን ስትጠብቅ ዓመት እንዳያልፍብህ። የገጠር ቀጥቃጮቻችን ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩት ግንድ ላይ በተተከለ ድፍን ብረት ነው። አንተም የምትፈልገው ክብደት፣ ድፍንነትና ጠንካራ ፊት ነው። የቅርጹ ነገር አያሳስብህ።

የኔ ምርጫ የከባድ መኪና የኋላ አክስል ነው። ጎማውን የሚያዞረውን ድፍን ዘንግ ማለቴ ነው። ጫፉ ላይ ቡሎን የሚገባበት ሰፊ ክብ ፊት ያለው ዓይነት አለ፤ እሱን ፈልግ። ሲሰበር ስለሚጣል በኪሎ ታገኘዋለህ። ዘንጉን ወደ ታች አድርገህ ወፍራም ግንድ ውስጥ ትከለው። ክቡ ፊት ወደ ላይ ይሁን። መሐሉ ላይ እብጠት ካለው በግራይንደር አስተካክለው። ይህ ከጠፋ እጀታው የወለቀ ትልቅ የድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ራስ ግንድ ውስጥ ቀርቅረህ መጀመር ትችላለህ። ከፍታው ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ እጅህን ዘና አድርገህ ወደ ታች ስትለቅ፣ የጨበጥከው ቡጢ ፊቱን የሚነካበት ልክ ይሁን። ከዚያ ዝቅ ካለ ወገብህን ይጨርስሃል።

ሐዲድም ጥሩ ብረት ነው። አስተኝተህ ስትመታው ግን ቀጭኑ ወገቡ ይነዝርና ጉልበትህን ይበላዋል። ቀጥ አድርገህ ስታቆመው ክብደቱ ሁሉ ከመዶሻህ ሥር ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። አዳማ የባቡር ከተማ ናት። ከ100 ዓመት በፊት የተዘረጋው የድሮው መስመርም አዲሱም በእናንተ በኩል ያልፋሉ። ሰነድ የሌለው ሐዲድ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትህም። በርካሽ ቢሰጥህም አትንካው። የመብራት ማማ አንግልም፣ የጎርፍ ቦይ ክዳንም፣ የመንገድ ዳር መከላከያ ብረትም እንደዚያው ነው። የተሰረቀ የገዛም ይጠየቃል። ሕጉን ብንተወው እንኳ የሰውን ሕይወት የሚጠብቅ ብረት ነቅሎ ቢላዋ መሥራት ምን ይባላል?

መስፍ ልታደርገው ያሰብከውን ብረት ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፈትነው። ካረጀ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ) አንድ ጥይት፣ ማለትም ድፍኗን የብረት ኳስ፣ አውጣና ኪስህ ውስጥ ያዝ። ፊቱን በጨርቅ ጥረገው። ጥይቱን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ልቀቀው። የስንዝሩን ሦስት አራተኛ ያህል ከነጠረ ጠንካራ ብረት አግኝተሃል። ግማሹን እንኳ ካልነጠረ ለስላሳ ነው። ይሠራል፤ ግን መዶሻህ በሳተ ቁጥር ይሰረጎዳል። አንድ ቦታ ላይ አትቁም፤ ፊቱን በሙሉ እየተዘዋወርክ ልቀቀው። ሲነጥር ቆይቶ ድንገት አንድ ቦታ «ድፍ» ብሎ ከቀረ ከሥሩ ስንጥቅ ወይም የተደበቀ ብየዳ ሊኖር ይችላል። ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው።

ታምቡርን ግን ለመስፍ አትግዛ። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል። የታምቡር ጥቅሙ ለምድጃ ነው፤ ቅርጹም ጥልቀቱም ለእሳት የተሠራ ይመስላል። ቸርኬም (ጎማ የሚገባበት ብረት) ይሆናል። ከመኪና የወጣ ታምቡር ውስጡ የፍሬን ሸራ ብናኝ አለው። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአየር አትንፋው፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረገው። በውሃ አርጥበህ እጠበው። ከዚያ ውስጡን በሸክላ አፈርና በአሸዋ ለስነው። የኩይሳ አፈር ካገኘህ የተሻለ ነው። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ እሳት ከነካው ይሰነጣጠቃል።

ለነፋሱ ከቆዳ የተሰፋ ወናፍ ካለ እሰየው። ከሌለ ከአሮጌ መኪና ማሞቂያ የወጣች ባለ 12 ቮልት ፋን ከባትሪ ጋር ትበቃለች። የተጣለ የፀጉር ማድረቂያም ይሆናል፤ ሙቀቱን አጥፍተህ ንፋሱን ብቻ ተጠቀም። የግራር ከሰል ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። ብዙ ከነፋህበት ከሰሉን ትጨርሳለህ፣ ብልጭታውም ይበተናል። የአዳማን ንፋስ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። ምድጃውን ከግድግዳ ጥግ አስጠጋና ንፋሱ በሚመጣበት በኩል በአሮጌ ቆርቆሮ ከልለው። ሣር፣ ካርቶንና የተሰጣ ልብስ በአጠገቡ አይኑር። ንፋስ ሸሽቼ ብለህ ግን ቤት ውስጥ ገብተህ እንዳትዘጋ። የከሰል እሳት ጢሱ ሳይታይ ይገድላል።

ከፋኑ ወደ ምድጃ የሚሄደው ቧንቧ ጥቁር ብረት ይሁን። የተለመደው የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ ሲግል ነጭ ጢስ ይወጣዋል። ያንን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል። ብየዳ ቤት ስለምትሠራ «ወተት ጠጣ» ሲሉህ ሰምተህ ይሆናል። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጢስ አያወጣም። መፍትሔው ዚንክ የተቀባ ነገር እሳት ውስጥ አለማስገባት ነው። የግድ ካስፈለገህ አቼቶ ውስጥ አሳድረውና ብርማ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን አይተህ ተጠቀም። የሚያብለጨልጭ ክሮም የተቀባውን ግን ጭራሽ ተወው።

አሁን ወደ ቢላዋህ። ለጀማሪ ከባሌስትራ የተሻለ የለም። ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ይጠነክራል፣ ቶሎም አይሰበርም። ባሌስትራ የሚቀይር ጋራዥ ሄደህ የተጣለ ጠይቅ። የከባድ መኪናው ወፍራም ስለሆነ ለቢላዋ ብዙ ትቀጠቅጣለህ፤ የፒክአፕ ቀጠን ያለ ሉህ ፈልግ። የተሰበረ ከሆነ ከስብራቱ ርቀህ ቁረጥ። አንድ ቦታ የተሰበረ ባሌስትራ ሌላም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ከአርሲ በኩል ከሚመጡ ትራክተሮች የሚጣል ያለቀ የማረሻ ዲስክም ለዶማ ግሩም ነው። አሮጌ ሞረድ ካርቦኑ ከባሌስትራ ይበልጣል። ርካሾቹ ግን ላያቸው ብቻ የጠነከረ ነው፤ ውስጣቸው ለስላሳ ይሆናል። ፌሮን ለቢላዋ እርሳው። ከተቀላቀለ ብረት ስለሚቀልጥ አንዱ ዘንግ ከሌላው ይለያያል።

ከተጠራጠርክ ግራይንደር አስነካውና ብልጭታውን እይ። ረጅም፣ ብዙም የማይሰነጣጠቅ ቢጫ መስመር ከሆነ ለስላሳ ብረት ነው። ብዙ እየፈነዳ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ከሆነ ካርቦን አለው። አጭርና ደብዛዛ ቀይ ከሆነ ተቀድቶ የተሠራ ነው። የመጨረሻው ፈተና ግን እሳት ነው። ትንሽ ቁራጭ አግለህ ማግኔት አልይዝ እስኪለው ጠብቅ፤ 770 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ትንሽ ጨምርለትና ውሃ ውስጥ ንከረው። ሞረድ ካንሸራተተበት ጠንክሯል። በጨርቅ ጠቅልለህ ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዝ ዕቃ) ላይ ስበረው። ስብራቱ ደቃቅና ግራጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ አሸዋ ከጎረበጠ አብዝተህ አግለኸዋል።

ቢላዋውን ራሱን ስታጠነክር ግን ውሃ አትጠቀም፤ ባሌስትራ ውሃ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለብ ያለ የምግብ ዘይት ተጠቀም። ቺፕስ የሚጠብሱ ቤቶች ያገለገለ ዘይት ይጥላሉ፤ ጠይቃቸው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጢሱ መርዝ ነው። ዘይቱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይሁን። እሳት ቢነሳ ክደነው እንጂ ውሃ እንዳታፈስበት። ከዚያ ቢላዋውን አጽዳና 200 ዲግሪ ባለው ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ አቆየው። የገለባ ቢጫ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ይህን ከዘለልክ ቢላዋህ መሬት ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

በርካሽ ቢያቀርቡልህም ቤትህ የማይገቡ ነገሮች አሉ። አሞርዛተር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የፍሪጅ ሞተር፣ ባጠቃላይ የታሸገ ነገር ሁሉ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። የነዳጅና የዘይት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በግራይንደር ብልጭታ ይነሳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ክብ ቤት ነው። ውስጡ የታመቀ ትልቅ ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉን ፈልገህ ከፈታኸው ክዳኑ ወጥቶ ይገድልሃል።

ስለ እጅ ዕቃ ብዙ አልልም። 1 ኪሎ አካባቢ የሆነ መዶሻ ይበቃሃል። ፊቱ ጠርዝ ላይ የተሸራረፈውን አትግዛ፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። እጀታውን ከወይራ አስገባ። ሞርሳ ስትገዛ ጥርሱን እስከ መጨረሻው ክፈትና ዝጋ። ቀጭን ወረቀት አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ በኩል አስነክሰህ ጎትት፤ በአንዱ በኩል እንኳ ካልያዘ ተጣሟል። ቀለም በአዲስ የተቀባ ሞርሳ ካየህ ቀለሙ ሥር ብየዳ ፈልግ። አዳማ ካጣህ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ መሄድ ያዋጣል።

ያገለገለ ግራይንደር ስትገዛ ሽፋኑ ከሌለው አትግዛ። ሽፋኑን አውጥተው ትልቅ ዲስክ የሚያስሩ ሰዎች በየቀኑ አያለሁ፤ ያናድደኛልም ያሳዝነኛልም። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። የ230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚችለው 6,600 ገደማ ነው፤ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ካለፈ ፊትህ ላይ ነው የሚበተነው።

ጉጠት አትግዛ፤ ሥራው። ፌሮ የሚያገለግልህ እዚህ ላይ ነው። ባለ 16 ቁጥሩን አግለህ የመጀመሪያ ሥራህ አድርገው። የአፉን አሠራር ለማየት ገበያ ላይ ማጭድና ዶማ የሚሸጡ አባቶችን ጠይቅ። እጃቸው ላይ ያለው ዕውቀት በየትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም። ይህንን ሕዝብ ሲመግብ የኖረውን ማረሻ የሠራን ሰው «ቀጥቃጭ» ብሎ መስደብ እስከ ዛሬ መኖሩ ያመኛል። «አባባ» ብለህ፣ ቡና ጋብዘህ ቅረባቸው፤ ያሳዩሃል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ቁራሌዎች ብረታቸውን በኪሎ የሚሸጡት ለማቅለጫ ፋብሪካዎች ለሚያስረክብ ነጋዴ ነው። የዕለቱን የኪሎ ዋጋ መጀመሪያ እወቅና ከዚያ ትንሽ ጨምረህ ስጣቸው። በዚያ ዋጋ ይሸጡልሃል፤ በሌላ ቀንም ባሌስትራ ሲገኝ ይደውሉልሃል። አመሻሽ ላይ፣ የቀኑን ለቅሞሽ ሲያራግፉ ብትደርስ ምርጫው ሰፊ ነው።

ለበር ጌጣጌጡ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። የምትሠራበት ብየዳ ቤት ውስጥ በየቀኑ የድፍን ብረትና የፍላት ባር ቁራጭ ይወድቃል። ለስላሳ ስለሆነ ለመጠምዘዝም ለመጠቅለልም ይመቻል። ቱቦላሬውን ተወው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ስትመታው ይጨፈለቃል። ለአሠሪህ ሐሳብህን በግልጽ ንገረውና ቁራጩን በኪሎ ሂሳብ ከደመወዝህ እንዲቆርጥልህ ተስማማ።