ሚኒሞ የማይዝና ዳገት ላይ የሚያጨስ የላዳ ካርቡራተር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያላነበበ እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። መኪናው ላዳ 2107 ነው። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጥቦ አዲስ ኪት ገብቶለታል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚይዘው ቾኩ ግማሽ ድረስ ሲሳብ ብቻ ነው። ነዳጅ ድንገት ሲሰጡት ይታነቅና ቆይቶ ይነሳል። የባሕር ዳሩን የቤዛዊት ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሜካኒኩም "ዋናው ጂግለር ጠቦታል፣ እናስፋው" ብሎሃል፤ ጂግለር ማለት ቤንዚኑን ወይም አየሩን በልክ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን ነው።

እንዳታሰፋው። ያለ ቾክ ሚኒሞ አለመያዝ የቤንዚን ማነስ ምልክት ነው፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ የመብዛት። አንድ ካርቡራተር ሁለቱንም የሚያሳየው መንገዶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። በዚህ መኪና በኦዞን ካርቡራተር የሚኒሞው ቤንዚን መጀመሪያ በዋናው ጂግለር አልፎ ቢመጣም፣ መጠኑን የሚወስነው ከእሱ ቀጥሎ ያለው 0.50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የሚኒሞ ጂግለር ነው። የውጭውን በር ብታሰፋው የጓዳው በር ያው ነው። ደግሞም ቾኩ ግማሽ ተስቦ ዳገት የሚወጣ መኪና ጂግለሩ ልክ ቢሆንም ያጨሳል፤ የቾክ ሥራው ድብልቁን ማወፈር ነውና። ስለዚህ ጭሱን ለጊዜው ተወው። ሚኒሞው ያለ ቾክ ካልቆመ በቀር በጭሱ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ካርቡራተሩን እንደገና ከመፍታትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ለእሳቱና ለቫልቩ ስጥ። የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው እሳት ቆራጭ) ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ከ0.5 እስከ 0.6፣ የቫልቩ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ 0.15 ይሁን። በተለይ ቫልቩን አትለፈው፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተውና ሲሞቅ ሚኒሞ እምቢ ይላል፣ ጥፋቱም በካርቡራተሩ ይሳበባል።

አሁን ወደ ሚኒሞው። የሚኒሞ ጂግለሩ መያዣ ሽቦ የሚገባበት ኤሌክትሪክ ቫልቭ ከሆነ (ሽቦ የሌለው ተራ መያዣም አለ)፣ ሽቦውን ነቅለህ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሌላ ሽቦ ንካው። "ጠቅ" ማለት አለበት። ጠቅ ካላለ ቫልቩ ሞቷል፤ ጠቅ ካለ ግን በራሱ ሽቦ ላይ መብራት መድረሱን በመፈተሻ አምፑል እይ። ከዚያ መያዣውን ፈትተህ ጂግለሩን አውጣና የተጻፈበትን ቁጥር አንብብ፤ 50 መሆን አለበት። ለሌላ የላዳ ሞዴል የተሠራ ኪት ውስጥ የሌላ ቁጥር ጂግለር ሊገኝ ይችላል፣ ስለዚህ አሮጌዎቹን ጂግለሮች እስካሁን ካልጣልካቸው አትጣላቸው። የዚህ ካርቡራተር ልኩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ጉሮሮ (የአየር ማለፊያ) ዋናው ጂግለር 112፣ በሁለተኛው 150፣ የአየሮቹ ሁለቱም 150፣ የሁለተኛው ጉሮሮ መሸጋገሪያ 60። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጉሮሮ ዋና ጂግለሮች ተቀያይረው ሊገቡ እንደሚችሉም አትርሳ፤ እሱ ብቻውን ያጨሳል።

ቀዳዳውን በብረት ሽቦ አትጎርጉረው። 0.50 የነበረው 0.55 ከሆነ የቀዳዳው ስፋት በ21 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ በዓይን ግን ምንም አይታይህም። ጣና ዳር እስካለህ ድረስ ለዚህ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ክርን የሚያህል የለም፤ ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ምረጥ። ነሐሱን አይቧጭርም። በኮምፕሬሰር የምታስነፋው ጎሚስታ ቤት ከሆነ ቋቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ መጀመሪያ ይፍሰስ፣ ዲያፍራሞቹና ተንሳፋፊውም ወጥተው ይቀመጡ። የነፋኸው አየር ከጂግለሩ ቤት ገብቶ ከታች በሚኒሞው ብሎን ቀዳዳና ከፋርፋላው (ጉሮሮውን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ሳህን) ጠርዝ አጠገብ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣቱን በጣትህ አረጋግጥ። አንዱ ካልነፈሰ እጥበቱ አልተጠናቀቀም።

መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ሚኒሞው አሁንም ቾክ ከፈለገ፣ ከካርቡራተሩ በታች አየር እየገባ ነው። ከእድሳት በኋላ ዋናው ተጠርጣሪ ይኸው ነው፤ አራቱን ዳዶዎች ከልክ በላይ ማጥበቅ የካርቡራተሩን እግር ያጣምመዋልና። ሞተሩ እየሠራ በመርፌ ሲሪንጅ ጥቂት ውኃ በጋርኒሲዮኑ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርግ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው አለ። (በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት መጋበዝ ነው።) የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ ቆንጥጠህ ያዘው፤ ሚኒሞው ከተሻሻለ ችግሩ ሰርቮው ወይም ቱቦው ነው። የተጣመመ እግር የሚቃናው በወፍራም መስታወት ላይ ባነጠፍከው 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ስምንት ቁጥር እየሠራህ በቀስታ ስትፈጨው ነው። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ወፍራም ሙቀት ከላካይ ቁራጭም መመለሱን እይ። እሱ ከቀረ ቤንዚኑ በሙቀት ይፈላል፣ ሞቆ የቆመ ሞተርም ለመነሳት ያስቸግራል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የሁለተኛው ጉሮሮ ፋርፋላ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት፤ ማቆሚያ ብሎኑ በእድሳቱ ጊዜ ተነካክቶ ጥቂት ከከፈተው አየር በዚያ ይገባል። የፋርፋላው ዘንግ ቤቱን በልቶት ከሆነ ደግሞ የትኛውም ኪት አያድነውም። ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግ፤ ሚኒሞው ለትንሽ ጊዜ ከተስተካከለ መፍትሔው ቶርኖ ቤት ቡሽ ማስገባት ነው።

ቀጥሎ በካርቡራተሩ ቋት ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ። ኪት የገባበት ካርቡራተር ሁሉ መለካት አለበት፤ አዲስ መርፌ ቁመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፣ ከሥሩ ያለው የመዳብ ቀለበት ውፍረትም ይለያያል። ክዳኑን ጋርኒሲዮኑ እንዳለበት በቁመቱ አቁመው፣ የቤንዚን መግቢያው ወደ ላይ ሆኖ ተንሳፋፊው እንዲንጠለጠል። የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌውን ኳስ ነካ ያድርግ እንጂ አይጫን። በጋርኒሲዮኑና በተንሳፋፊው መካከል 6.5 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት፤ የሚፈቀደው ስሕተት 0.25 ብቻ ነው። የ6.5 የትራፓኖ ፑንታ ጀርባ እዚህ ላይ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል። ተንሳፋፊው ከዚያ ወደ ታች የሚሄደው 8 ሚሊ ሜትር ነው። 6.5ቱን ለማምጣት የምታጥፈው ምላሱን ብቻ ነው፣ እሱም መርፌው ላይ ሳትጫን። ልኩ ካነሰ ቤንዚኑ ቋቱ ውስጥ ከፍ ይልና ያጨሳል፤ ከበዛ ዳገትና ፍጥነት ላይ ይርበዋል።

ከዚያ ክዳኑን ገልብጠህ በመግቢያው በአፍህ ንፋ። መርፌው ምንም አየር ማሳለፍ የለበትም። ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተቀድዷል። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኘህ ከ11 እስከ 13 ግራም ይመዝናል። ፍል ውኃ ውስጥ ስትደፍቀው አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ውስጡ ቤንዚን እያለ ግን ብየዳ እንዳታስነካው፣ ይፈነዳል።

ፔዳል ሲረገጥ የመታነቁ ነገር ለብቻው ይታያል። ሞተሩን አጥፍተህ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሳና ወደ መጀመሪያው ጉሮሮ እያየህ ፔዳሉን በእጅ ሳብ። ቀጥ ያለ ክር የመሰለ ቤንዚን ወዲያው መውጣት አለበት። ዘግይቶ ከወጣ፣ ከተንጠባጠበ ወይም ግድግዳ ከመታ ማነቂያው እሱ ነው። ይህን ቤንዚን የሚረጨው ትንሽ ፓምፕ ዲያፍራሙ ተገልብጦ ገብቶ ወይም ሞላው ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ በመርጫው ብሎን ውስጥ ያለችው ኳስም ተጣብቃ ይሆናል። ካርቡራተሩ ወርዶ ሳለ ልኩን ማረጋገጥ ከፈለግህ አሥር ሙሉ ምት አድርገህ የወጣውን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለካው። 7 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆን አለበት፤ ሩብ ያህል ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ችግር የለውም።

ማስተካከያው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ ይከፈት (ማለትም መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ይመለስ)። የድብልቁን ብሎን ሳትጫን እስኪነካ ዝጋና 3 ዙር ያህል ፍታው (ጫፉን በኃይል ከጫንከው ቀለበት ይሠራበትና ከእንግዲህ አይስተካከልም)። የዙሩን መጠን በሚወስነው በሌላው ብሎን ዙሩን በደቂቃ ወደ 900 አምጣ። የድብልቁን ብሎን እያዞርክ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ነጥብ ፈልግ፣ በሌላው ደግሞ ወደ 900 መልሰው። ዙሩ መጨመር እስኪያቆም ይህን ድገመው፤ በመጨረሻም የድብልቁን ብሎን ወደ መዝጋት አዙረህ ዙሩን በትንሹ፣ ወደ 850 አውርደው። ብሎኑን ብትዘጋውም ብትከፍተውም ለውጥ ከሌለ ፋርፋላው አለልክ ተከፍቶ ሞተሩ ሚኒሞውን ዘልሎ እየሄደ ነው፣ ወይም የሚኒሞው መንገድ አሁንም ተዘግቷል። ማስተካከሉን አቁመህ ወደ ኋላ ተመለስ።

ጭሱን አሁን እንየው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱ ያህል ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ድብልቁን በ10 በመቶ ገደማ ያወፍረዋል። ጂግለር ይለወጥ ከተባለ የሚለወጠው ወደ ጠባቡ ነው ማለት ነው፤ ከ112 ወደ 109 ወይም 107። 109 የስፋቱን 5 በመቶ፣ 107 ደግሞ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ109 ጀምር። ወደ ደብረ ታቦር የምትመላለስ ከሆነ መንገዱ ከ2600 ሜትር በላይ ስለሚወስድህ 107 ይሻልሃል። ከ1000 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ ስትወርድ ግን 112ቱን መልስ፤ የሳሳ ድብልቅ ጭነት ላይ ፒስተን ያቃጥላል።

ፍርዱን ካንዴላው ይስጥ። ቾኩ ሙሉ ተከፍቶ ቤዛዊትን በሦስተኛ ማርሽ ጫን አድርገህ ውጣና ሜዳው ላይ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩን አጥፋ። ቁልፉን አትንቀለው፣ መሪው ይቆለፋል፤ ፍሬኑም ይከብዳል፣ ስለዚህ መንገዱ ባዶ ይሁን። አራቱም ካንዴላ ደረቅ ጥላሸት ከለበሱ ድብልቁ ወፍሯል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆኑ ጂግለሩን አትንካ፤ ከነጡ ሳስቷል። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከጠቆሩ ግን ነገሩ የካርቡራተር አይደለም፣ ወደ እሳቱ ወይም ወደ ቫልቩ ሂድ።

ቤንዚኑ በጄሪካን የተገዛ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ጥቂቱን በነጭ ጠርሙስ ቅዳና ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ውኃ ካለበት ከታች ይለያል። ውኃው ቋቱ ሥር ተኝቶ ጂግለሩን እየደፈነ እስካለ ድረስ የለካኸው ሁሉ በማግሥቱ ይበላሻል፤ ታንኩንና መስመሩን አራግፈህ ማጣሪያውን ቀይር።

የጂግለሮቹን ቁጥርና የአራቱን ካንዴላ ፎቶ በሲሊንደሮቹ ተራ አስቀምጠህ ላክልን፣ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።