መልስ፦ ከቴሌቪዥን የተሻለ የአየር ትንበያ ከየት ላግኝ?
ወንድሜ፣ «ቴሌቪዥኑ ዝናብ ሊኖር ይችላል ከማለት ውጪ ምንም አይነግረኝም» ያልከው እውነት ነው። አቅራቢው እጁን ካርታው ላይ ያወናጭፋል፣ አገር ምድሩ በአንዲት ደመና ይሸፈናል፣ በቃ። እኔ ባለፈው እሱን አምኜ ብርድ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ስመለስ ጠብ ጠብ ይላል።

አሁን የማየው ዋይአር (Yr) የሚባለውን የአየር ትንበያ ድረ ገጽና መተግበሪያ ነው። የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ከአገሩ ብሮድካስተር ጋር ያዘጋጀዋል (አዎ፣ እዚያም ቴሌቪዥን አለበት!)። ነፃ ነው፣ የቅርቡን ቀን በየሰዓቱ ከፋፍሎ ያሳይሃል። ዊንዲ (Windy) በሚባለው ሌላ የትንበያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የአውሮፓውን ሞዴል፣ ማለትም አየሩን በኮምፒውተር አስልቶ የሚተነብየውን፣ ጂኤፍኤስ (GFS) ከሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ጋር ታስተያያለህ። ከተስማሙ ልብስህን አስጣ፤ ከተለያዩ ጃንጥላህን ያዝ። ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ስለሚታደስ የማታውን ይዘህ አትቅር፣ ጠዋት ድገመው።

ደግሞ «30 በመቶ» ሲልህ አይዘንብም ማለቱ አይደለም። እንዲህ ከተባለባቸው 10 ቀናት በ3ቱ ገደማ ይዘንባል ማለት ነው።