ከሌላ ሻጭ የተወሰደ ማስታወቂያ በሐሰት መመስከር ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የፊት ቅባት በትንሹ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። «በ7 ቀን ማዲያት ያጠፋል፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍና የ«በፊትና በኋላ» ፎቶ ከሌላ ሻጭ ወስጄ ለጠፍኩ። ከራሴ የፈጠርኩት ውሸት የለም፤ ያገኘሁትን ነው ያስተላለፍኩት። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ሰላሙ ይብዛልሽ እኅቴ። አዎ፣ ይሆንብሻል። ሕጉ በሐሰት አትመስክር ብሎ ብቻ አላቆመም፤ በዘጸአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ መቀበልንም ይከለክላል። ወሬውን ተቀብለሽ በምርትሽ ስም ስታወጪው ምስክሯ አንቺ ነሽ።

ከሁሉ የሚከፋው ፎቶው ነው። ገዢዋ የምታየው «ይህ ፊት በዚህ ቅባት ዳነ» የሚል ምስክርነት ነው። በፎቶው የምትታየው ሴት ግን ቅባትሽን ነክታው አታውቅም። «ለማሳያ» ብሎ በትንሹ መጻፍም አያድንም።

«7 ቀን» የተባለው ለዚያኛው ቅባት እውነት ቢሆን እንኳ ቅመሙና መጠኑ ስለሚለያይ ለአንቺ አይሠራም። ደግሞም ማዲያት በባለሙያ ሕክምና ወራት የሚፈጅ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚመለስ ነው። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለውን በጠርሙሱ መዝኚው፦ የተገዛ ሽቶ ወይም እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር አለበት? ካለበት ቃሉ ወደቀ። ውሃ ያለበት ቅባት ግን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ነገር ከሌለው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለቃሉ ብለሽ ያንን ከቅባቱ አታስቀሪ፤ ቃሉን ከማስታወቂያው ሰርዢ።

እንዲህ አድርጊ። ማስታወቂያውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ገልብጪና ከእያንዳንዱ አጠገብ «በምን አውቃለሁ?» ብለሽ መልሱን ጻፊ። ራስሽ የመዘንሽው ይቆይ። ጥሬ ዕቃውን ያቀረበልሽ ሰው በሰነድ የሰጠሽም ይቆያል፤ ሆኖም በሰነዱ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር በእጅሽ ካለው ዕቃ መለያ ቁጥር ጋር መግጠሙን እዪ። የሰማሽውንና ያነበብሽውን ሰርዢ። «ይባላል» ብለሽ አታለስልሺው፤ በገዢ አእምሮ የሚቀረው «ያጠፋል» የሚለው እንጂ «ይባላል» አይደለም። በቦታው ክብደቱን በግራም፣ ሙሉ ቅመሙን፣ የተዘጋጀበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ፊት ከመቀባት በፊት በክንድ ውስጠኛው ገጽ ላይ ትንሽ ቀብቶ 24 ሰዓት መጠበቅ እንደሚገባ ጻፊ። የደንበኛ አስተያየት ከተጠቀምሽ በፈቃዷና በራሷ ቃል ይሁን፤ «ቆዳዬ ለሰለሰ» ያለችውን «ዳንኩ» አታድርጊው።

የተሸጠውስ? ማስታወቂያውን ማጥፋት ብቻ ያየውን ሰው አይደርሰውም። በለጠፍሽበት በዚያው ቦታ «የ7 ቀኑ ቃልና ፎቶው የእኔን ቅባት የሚመለከቱ አይደሉም» ብለሽ ጻፊ፤ በዚያ ቃል የገዛ ሁሉ ገንዘቡን ይውሰድ። ኦሪት በዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ተናዝዞ ዋናውን እንዲመልስና አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ታዝዛለች፤ በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንቺ ስንት እንደምትጨምሪና ቀኖናሽን ንስሐ አባትሽ ይወስኑልሻል። ስትነግሪያቸው «ማስታወቂያ ላይ ትንሽ ተሳሳትኩ» አትበዪ፤ ያልተረጋገጠውን ቃል፣ የተወሰደውን ፎቶና የሸጥሽውን ብዛት ለይተሽ ተናገሪ። ፎቶው ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለሆነ ባለቤቱንም ይቅርታ መጠየቅ አለብሽ።